የጌዴኦ ሕዝብ፣ ዕድሜና መሬት፦ ከባሌ ሥርዓት እስከ ሕዝብ ቆጠራ

በሥነ ሕዝብ ጥናት የዕድሜ ጥገኝነት ምጣኔ የሚባለው፣ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆችና 65 ዓመት የሞላቸው ወይም ያለፋቸው አረጋውያን አንድ ላይ ተደምረው፣ ከ15 እስከ 64 ዓመት ባለው ክልል ውስጥ ካሉ 100 ሰዎች አንጻር ስንት እንደሚሆኑ የሚያሳይ ቁጥር ነው። ምጣኔው 90 ነው ሲባል፣ ለሥራ ደርሰዋል ተብለው የሚታሰቡ 100 ሰዎች ከራሳቸው ሌላ 90 ሰዎችን የመመገብ፣ የማልበስ፣ የማስተማርና የማስታመም ኃላፊነት አለባቸው ማለት ነው። በጃፓንና በአውሮፓ ይህ ኃላፊነት በአመዛኙ የሚመጣው ከአረጋውያን ሲሆን፣ በኢትዮጵያና በመሰሎቿ አገሮች ግን ከሞላ ጎደል ሙሉው የልጆች ነው። ቁጥሩ ስለ ዕድሜ ብዙ ይናገራል፤ ለሥራ የደረሰው ሰው የሚሠራበት መሬት ይኑረው አይኑረው ግን አይነግርም። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ዲላና ዙሪያዋን የከበበው የጌዴኦ ምድር፣ ከመቶ ዓመት በላይ በሆነው ታሪካቸው ይህን ክፍተት ከየትኛውም የአገሪቱ ክፍል አጉልተው ያሳያሉ።

የጌዴኦ ሕዝብ ራሱን በዕድሜ መመደብ የጀመረው የስታቲስቲክስ ባለሙያ አገሩን ከመርገጡ እጅግ ቀድሞ ነው። ባሌ በሚባለው ሥርዓት ወንዶች በትውልድ እርከን ተከፍለው፣ ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ከአንዱ እርከን ወደ ተከታዩ እየተላለፈ፣ አባ ገዳው ከነሹማምንቱ ሕዝቡን ይመራ ነበር፤ በየመንደሩም ሶንጎ በሚባለው የሽማግሌዎች ሸንጎ የድንበር ክርክር ይታይ፣ ደም ይደርቅ፣ በዳይና ተበዳይ ይታረቁ ነበር። በዚህ አሠራር አረጋዊ ማለት የሚጦር ሰው ማለት ብቻ አልነበረም፤ የየትኛው ማሳ ወሰን የት ላይ እንደሚያበቃና የትኛው ዛፍ መነካት እንደሌለበት የሚያውቅ፣ ባይኖር መንደሩ ሥራውን በአግባቡ ሊያከናውን የማይችል ሰው ነበር። ዛሬ «ጥገኛ» ተብሎ በአንድ ዓምድ የሚጻፈው ሽማግሌ በዚያ ዘመን ስሌት የሥራው ራስ እንደነበር ማስታወስ፣ የኋላውን ታሪክ በትክክል ለመረዳት ይጠቅማል።

ይህን ኅብረተሰብ ያኖረው መሬት የሚታረስ ገላጣ ማሳ ሳይሆን በዛፍ የተሸፈነ ጓሮ ነው። ከላይ ዋንዛና ብርብራን የመሰሉ አገር በቀል ዛፎች ጥላቸውን ይዘረጋሉ፣ ከሥራቸው እንሰትና ቡና ይቆማሉ፣ ከእነርሱም ሥር ጎመንና ጎደሬ ይበቅላሉ፤ ባለሙያዎች ጥምር ደን እርሻ የሚሉት ይኸው ነው። ታደሰ ኪጴ የተባሉት የጌዴኦ ተመራማሪ በ1990ዎቹ ባሳተሙት ጥናት፣ ይህ አሠራር ለሺህ ዓመታት ሳይደክም መዝለቁን መነሻ አድርገው ሰፊ ትንታኔ አቅርበዋል። እንሰት ተተክሎ ለምግብ እስኪደርስ በርካታ ዓመታት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ጓሮው ራሱ በዕድሜ የተደረደረ ነው፦ ፍል ችግኙ፣ ተነቅሎ የተዛወረው፣ ግንዱ የደነደነውና ለመቆረጥ የደረሰው በየረድፋቸው ይቆማሉ። የደረሰው ሲጣል ሴቶቹ የቅጠሉን ግንድ በዘንበላላ እንጨት ላይ አጋድመው በቀርከሃ መፋቂያ ይፍቁታል፣ ፍቁን በቅጠል ጠቅልለው በጉድጓድ ይቀብሩታል፣ ሲብላላም ቆጮ ይሆናል። ልጆች ቅጠል ያቀብላሉ፣ አያቶች የጉድጓዱን ደረጃ በማሽተት ይለያሉ። የሥራው ክፍፍል ከሕፃን እስከ አረጋዊ የሚደርስ ስለሆነ፣ በዚህ ጓሮ ውስጥ ማን ሠሪ ማን ተረጂ እንደሆነ በ15 እና በ65 ዓመት ላይ መስመር አስምሮ መለየት ቀላል አይደለም።

በ1880ዎቹ የዳግማዊ ምኒልክ ሠራዊት አካባቢውን ሲይዝ፣ በመንግሥት ቋንቋ ደራሳ ይባል የነበረው ይህ ሕዝብ ለመጀመሪያ ጊዜ በሌላ ዓይነት ቆጠራ ሥር ወደቀ። አዲሱ አስተዳደር የፈለገው የሰውን ብዛት ወይም ዕድሜ ሳይሆን የገባሩን አባወራ ቁጥር ነበር፤ ወታደርና ሹም እንደየማዕረጉ ገባር ይቆረጥለት ነበርና። ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ የሲዳሞ ገዢ በነበሩበት ዘመን ቡና ዋናው የገቢ ምንጭ እየሆነ መጣ፤ የታሪክ ጸሐፊው ቻርልስ ማክሌላን እንዳሳዩትም የጌዴኦ ምድር ከማዕከላዊው መንግሥት ጋር የተሳሰረው በዋነኛነት በዚህ ሰብል ገመድ ነው። መሬት በቀላድ እየተለካ ሲከፋፈልም ባለርስት የሆነው አዲስ መጤ፣ ጭሰኛ የሆነው ደግሞ በአያቱ ጓሮ የሚኖረው ገበሬ ሆነ። አባወራው እስከሚገብር ድረስ፣ ከበስተጀርባው ስንት ልጅ፣ ስንት እናትና ስንት ሽማግሌ እንዳለ ለመዝጋቢው የሚያስጨንቅ ጉዳይ አልነበረም። ዲላ የቡና መሰብሰቢያ ገበያ ሆና ያደገችውም በዚህ ሂደት ነው።

ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ሲወር የገባር ሥርዓቱ ተናጋ፤ ከነፃነት በኋላም የገባር አገልግሎት በሕግ ቀርቶ ግብሩ በገንዘብ ተተካ። ጭሰኝነቱ ግን አልቀረም፤ እንዲያውም የቡና ዋጋ በ1940ዎቹ ከፍ ሲል ባለርስቱ ከምርቱ የሚጠይቀው ድርሻ ይበልጥ የሚያንገበግብ ሆነ። የቡና ዛፍ በዓመት አንዴ ታጭዶ የሚያልቅ ሰብል አይደለም፤ ጭሰኛው ተክሎት፣ ዓመታት ጠብቆት፣ ልጁም የሚለቅመው ንብረት ነው፤ ስለዚህ መሬቱ የማን ነው የሚለው ጥያቄ የትውልድ ጥያቄ ጭምር ነበር። ጥያቄው በ1952 ዓ.ም. ወደ አመፅ ተለወጠ። ጦርና ጎራዴ የያዙ ገበሬዎች ጠመንጃ ከያዙ ባለርስቶችና የመንግሥት ታጣቂዎች ጋር ሚጪሌ በተባለው ቦታ ተጋጠሙ፣ ብዙዎችም ወደቁ። በባሌና በጎጃም ጠቅላይ ግዛቶች ከተነሡት የገበሬ አመፆች ቀድሞ የተቀጣጠለው ይህ እንቅስቃሴ በአገሪቱ የታሪክ መጻሕፍት የሚገባውን ያህል ስፍራ አለማግኘቱ ያሳዝናል፤ የወደቁት በዕድሜ ሠንጠረዡ መካከል ካለው፣ ልጆችንም አረጋውያንንም ከሚያኖረው ወገን ነበሩ።

በዚያው ዘመን ሌላ፣ ድምፅ የሌለው ለውጥ ተጀምሮ ነበር። ወባን ለማጥፋት የተቋቋመው መሥሪያ ቤት በ1951 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፣ በ1960ዎቹ ደግሞ ፈንጣጣ ከአገሪቱ እንዲጠፋ ታላቅ ዘመቻ ተካሄደ፣ ክትባትና ጤና ጣቢያ ቀስ በቀስ ወደ ገጠር ዘለቁ። የሥነ ሕዝብ ሽግግር የሚባለው ሂደት በአብዛኞቹ አገሮች የሚጀምረው በዚህ መልክ ነው፦ በመጀመሪያ ሞት ይቀንሳል፣ ወሊድ ግን ለአንድ ወይም ለሁለት ትውልድ ባለበት ይቆያል፣ በመካከሉም የልጆች ቁጥር ይንራል። የአሜሪካ ምሁራኑ አንስሊ ኮልና ኤድጋር ሁቨር በ1950 ዓ.ም. አካባቢ ሕንድን ምሳሌ አድርገው ባወጡት መጽሐፍ፣ የልጆች ብዛት ቤተሰብና መንግሥት ለልማት ሊያውሉት ይችሉ የነበረውን ቁጠባ በምግብና በትምህርት ወጪ እንደሚውጠው አስልተው ነበር፤ የጥገኝነት ምጣኔ በልማት ዕቅድ ውስጥ ጎልቶ የወጣው ከዚያ ወዲህ ነው። በኢትዮጵያ የቤተሰብ መምሪያ ማኅበር በ1958 ዓ.ም. ቢመሠረትም፣ ለብዙ ዓመታት አገልግሎቱ ከከተማ ርቆ አልሄደም። በጌዴኦ ጓሮዎች ውስጥ ግን ልጆች በብዛት በሕይወት እያደጉ ነበር፣ መሬቱ ደግሞ አይወልድም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ከሥሩ ነቀለው። ለጌዴኦ ገበሬ ይህ በእውነት የነፃነት ቀን ነበር፤ በሚጪሌ የተጠየቀው ከ15 ዓመታት በኋላ ተመለሰ። አዋጁ ለአንድ ቤተሰብ እስከ 10 ሄክታር ቢፈቅድም፣ በዚህ የታጨቀ ምድር እንዲህ ያለ ይዞታ በሕልም ብቻ የሚታይ ስለነበር፣ አብዛኛው ቤተሰብ ከአንድ ሄክታር ባነሰ ጓሮ ላይ ቀረ። ከዚያ በኋላ አባት ለሚያገባ ልጁ የሚቆርስለት ከዚያችው ቁራሽ ነው። ሦስት ወንዶች ልጆች ያሉት ገበሬ ጓሮውን ሦስት ቢያደርገው፣ እያንዳንዱ ልጅ የሚያገኘው ሁሉም ዓይነት ተክል ያለበት ነገር ግን ከየዓይነቱ ጥቂት ጥቂት ብቻ የቀረበት ጠባብ ቦታ ነው፤ ለመቆረጥ የደረሰው የእንሰት ረድፍ ያጥራል፣ ያልደረሰው ያለ ጊዜው ይጣላል፣ የዓመቱ ክፍተት በቡና ገንዘብ ይሞላል። የቡና ዋጋ የሚወሰነው ግን ከጌዴኦ ውጭ ነው።

ከዚህ ለውጥ 9 ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 1976 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የሕዝብና ቤት ቆጠራ አካሄደች። በጦርነት ምክንያት ቆጣሪ ያልደረሰባቸው ቦታዎች በግምት ተሞልተው የአገሪቱ ሕዝብ 42 ነጥብ 6 ሚሊዮን ሆኖ ተመዘገበ። የመንደሩ ሰው አባወራ ብቻ ሳይሆን በየግሉ ዕድሜ ያለው ፍጡር ሆኖ በመንግሥት መዝገብ የገባው በዚህ ጊዜ ነው። ዕድሜን መመዝገብ ግን ቀላል አልነበረም። የልደት ምዝገባ በሌለበት አገር ቆጣሪው «ዕድሜዎ ስንት ነው?» ሲል መልሱ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው በድርጊት ነው፤ በጣሊያን ጊዜ የተወለደ፣ አዋጁ ሲታወጅ የዳኸ፣ የእገሌ ታናሽ። በኢትዮጵያ ቆጠራዎች 30፣ 40፣ 50 ያሉት ሰዎች ከ29ና ከ31፣ ከ39ና ከ41 ዓመት ሰዎች ተለይተው ተራራ የሚሠሩት ለዚህ ነው፤ ባለሙያዎች ይህን በዜሮና በአምስት በሚጨርሱ ዕድሜዎች ላይ መከማቸት ይሉታል፣ ምጣኔውን ከማስላታቸው በፊትም ለማለስለስ ይሞክራሉ። በባሌ ሥርዓት ግን የሰው ቦታ የሚታወቀው ከእነማን ጋር አንድ እርከን እንደሆነ ነበር እንጂ በዓመት ቁጥር አልነበረም።

ቆጠራው ከተካሄደ ብዙም ሳይቆይ ሰሜኑን የመታው የ1977 ዓ.ም. ረሃብ የሕዝብ ብዛትና የምግብ ጉዳይ የመንግሥት አጀንዳ እንዲሆን አስገደደ። የእንሰት ምድር በዚያ ዓመት እንደ ሰሜኑ ባይጎዳም፣ በመላ አገሪቱ ያለው የውልደት መጠን ከፍተኛ መሆኑ ግልጽ ነበር። የሽግግር መንግሥቱ በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. ያወጣው የሕዝብ ፖሊሲ፣ አንዲት ሴት በወሊድ ዘመኗ በአማካይ የምትወልዳቸውን ልጆች ቁጥር ከ7 ነጥብ 7 ወደ 4 ለማውረድ፣ የወሊድ መከላከያ ተጠቃሚዎችንም ከ4 በመቶ ወደ 44 በመቶ ለማድረስ ግብ ጣለ፤ ለሁለቱም የተሰጠው ጊዜ እ.ኤ.አ. እስከ 2015 ነበር። በሁለተኛው፣ በጥቅምት 1987 ዓ.ም. ቆጠራ የአገሪቱ ሕዝብ 53 ነጥብ 5 ሚሊዮን ደርሶ፣ ጌዴኦ ዞን 564 ሺህ ያህል፣ ዲላ ከተማ ደግሞ 33,734 ነዋሪ ይዘው ተገኙ።

በዚህ ጊዜ የመሬቱ ጥበት ከዞኑ ወሰን አልፎ ፈሶ ነበር። የጌዴኦ ገበሬዎች ቡና የሚተከልበት መሬት ፍለጋ ከብዙ ዘመን ጀምሮ ወደ ጉጂ ምድር፣ ወደ ቀርጫና ወደ ሐገረ ማርያም አካባቢ እየሄዱ ይሰፍሩ ነበር፤ በአፈ ታሪክ ደራሶና ጉጆ ወንድማማቾች ናቸውና የሁለቱ ሕዝቦች ጉርብትና በጋብቻ፣ በገበያና ጎንዶሮ በሚባለው የዕርቅ ሥርዓት የተያዘ ነበር። አስተዳደሩ በብሔር ወሰን እንደ አዲስ ሲከለል ግን ወሰን ተሻግሮ የሰፈረው ሰው ባይተዋር ሆነ፤ በ1987ና በ1990 ዓ.ም. ግጭት ተቀስቅሶ ብዙ ሰው ሞተ፣ ተፈናቀለም። በዕድሜ ሠንጠረዥ ላይ ይህ ሁሉ አይታይም፤ ለሥራ የደረሰ ወጣት ቀርጫ ቢሰፍርም በጌዴኦ ይርጋጨፌ ቢቀመጥም ቁጥሩ በአንድ ዓምድ ይገባል።

ሦስተኛው ቆጠራ በግንቦት 1999 ዓ.ም. ሲካሄድ፣ ጌዴኦ ዞን 847,434 ሰዎች ተቆጠሩበት። 1,211 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ስፋት ባለው ዞን ይህ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 700 ሰው ማለት ነው፤ ከዚህም ውስጥ በከተማ የሚኖረው 12 ነጥብ 7 በመቶ ብቻ ነበር። ሰባት መቶ ሰው በአብዛኛው የእርሻ ነዋሪ ሆኖ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ሲኖር፣ ከአፍሪካ ገጠሮች እጅግ ከታጨቁት ውስጥ ያስመድበዋል። ዲላ በ12 ዓመት ተኩል ውስጥ 59,150 ደርሳ ነበር፤ ከገጠሩ ፈጥና ያደገችው መሬት ያጣው ወጣት ወደ እርሷ ስለሚመጣ ነው፣ በ1988 ዓ.ም. የተከፈተው የመምህራን ትምህርትና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ኋላ ራሱን የቻለ ዩኒቨርሲቲ መሆኑም ከየአገሩ ተማሪ አምጥቶባታል። በዚያ ቆጠራ ከአገሪቱ ሕዝብ 45 በመቶው ከ15 ዓመት በታች፣ 3 በመቶ ያህሉ 65ና ከዚያ በላይ ነበር፤ ይህም ምጣኔውን ከ90 በላይ ያደርሰዋል።

በዚህ ስሌት ላይ አንድ ነገር ሳይነሣ ማለፍ ተገቢ አይሆንም። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡናው ሲቀላ በጌዴኦ ጓሮዎች ውስጥ ቅርንጫፍ ጎንበስ አድርገው ቀይ ቀዩን የሚለቅሙት እጆች ብዙዎቹ የልጆች ናቸው፤ አንዳንዶቹ በለቀማ ሰሞን ከትምህርት ቤት ይቀራሉ። የአገሪቱ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ራሱ በሥራ ኃይል ጥናቶቹ ላይ ከ10 ዓመት ጀምሮ ያለውን ሰው ይሠራል አይሠራም ብሎ ይጠይቃል፤ የጥገኝነት ምጣኔውን ሲያሰላ ግን ያንኑ የ10 ዓመት ለቃሚ ከተረጂዎቹ ወገን ይጽፈዋል። አንድ ልጅ በአንዱ ሠንጠረዥ ሠሪ፣ በሌላው ተረጂ ነው። ምጣኔው የሚወርደው ልጁ ከለቀማው ወጥቶ ደብተር እንዲይዝ ሳይሆን እንዲያው እየተወለደ ያለው ልጅ ስለቀነሰ ከሆነ፣ የመውረዱ ጥቅም ለዚህ ልጅ እምብዛም አይደርሰውም።

ወሊድ መቀነሱ ግን እውነት ነው፣ በመጠኑም የሚያስደንቅ ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው 2 የሠለጠኑ ሴቶች አሰማራ፤ እነርሱም ቤት ለቤት እየዞሩ የወሊድ መከላከያን፣ ክትባትንና ንጽሕናን አስተማሩ። ገጠር ውስጥ «መርፌው» የሚባለው የ3 ወር መከላከያ ሴቶች በይበልጥ የመረጡት ሆነ፤ ለመውሰድ ሩቅ መንገድ አይጠይቅም፣ በቤት ውስጥ ተቀምጦ የሚታይ ክኒንም የለውምና፤ ቀጥሎም በክንድ የሚቀበረው ተጨመረ። ያገቡ ሴቶች የመከላከያ ተጠቃሚነት በ1992 ዓ.ም. ከነበረበት 8 በመቶ በ2008 ዓ.ም. ወደ 36፣ በ2011 ዓ.ም. ወደ 41 በመቶ አደገ፤ አንዲት ሴት በአማካይ የምትወልዳቸው ልጆች ቁጥርም በ16 ዓመታት ውስጥ ከ5 ነጥብ 5 ወደ 4 ነጥብ 6 ወረደ። 5 ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት ልጆች ከ1,000 ሕያው ልደት 166 የነበሩት በ2011 ዓ.ም. 55 ደረሱ። ልጅ እንደማይሞትባት የምታምን እናት ጥቂት መውለድን ስለምትቀበል ሁለቱ የተያያዙ ናቸው። ምጣኔው ከ90 በላይ ከነበረበት ወደ 75 ገደማ የወረደው በዚህ ሂደት ነው።

ምጣኔው ሲወርድ ለሥራ የደረሰው ወገን ሸክሙ ቀልሎ ቁጠባና ምርት የሚያድግበት ጊዜ ይከፈታል፤ የዘርፉ ሰዎች የሥነ ሕዝብ ትሩፋት የሚሉት ይኸው ነው። ደቡብ ኮሪያ በ1950ዎቹ ከ80 በላይ ከነበረ ምጣኔ ተነሥታ በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ከ40 በታች ስትደርስ በኢንዱስትሪ ስመ ጥር ሆናለች፤ ነገር ግን ከ15 ዓመት ዕድሜ ተሻግሮ የመጣውን ወጣት የተቀበለው ፋብሪካና ትምህርት ቤት ነው። በጌዴኦ ወጣቱን የሚቀበለው በዋነኛነት የአባቱ ጓሮ ነው፣ ጓሮውም ተከፋፍሎ አልቋል። ከምጣኔው አንጻር ከ15 እስከ 64 ያለው ወገን መብዛቱ ብሥራት ቢሆንም፣ ከወላጆቹ ቤት ሳይወጣ 25 ዓመት የሞላው ወጣት ራሱ ተረጂ ሆኖ ይቀራል፤ ሠንጠረዡ ግን ከረጂዎቹ ወገን ይቆጥረዋል። የዚህ ታሪክ ከባድ ጉዳይ እዚህ ላይ ነው፣ ዛሬም ገና አልተፈታም።

ከሚያዝያ 2010 ዓ.ም. ጀምሮ በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ የተቀሰቀሰው ግጭት ይህን ሁሉ ቅጽበታዊ በሆነ መልክ አመጣው። በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ተፈናቀለ፣ አብዛኛውም ወደ ጌዴኦ ዞን ገባ፤ በዚያ ዓመት በግጭት የተነሣ አዲስ ተፈናቃይ በብዛት የታየባት የዓለም አገር ኢትዮጵያ ሆነች። አስቀድሞ በካሬ ኪሎ ሜትር 700 ሰው የነበረበት ምድር፣ በዲላ፣ በይርጋጨፌ፣ በገደብና በሌሎችም ወረዳዎች ትምህርት ቤቱን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ የእርሻ ማሠልጠኛውንና የዘመድ ቤቱን ለተፈናቃይ ከፈተ። እናቶች ሕፃን አዝለው፣ አባቶች የቡና ዛፍና ያልደረሰ እንሰት በኋላቸው ትተው መጡ፤ በ2011 ዓ.ም. አጋማሽም በገደብ ወረዳ ጎቲቲ የተጠለሉት ቤተሰቦች ችግር ዓለም አቀፍ ትኩረት ሳበ። አንድ ቤት ውስጥ አሥር ሰው የተጨመረበት ባለቤት የጥገኝነት ምጣኔን ቀመር ሳያውቅ በቆጮው ጉድጓድ መጠን ያሰላው ነበር። መንግሥት አብዛኞቹን ተፈናቃዮች በ2011 ዓ.ም. ወደነበሩበት መለሰ፣ ሽማግሌዎችም በጎንዶሮ ለማስታረቅ ደከሙ።

አራተኛው የሕዝብ ቆጠራ በ10 ዓመት አንዴ እንዲካሄድ በሚያዘው ሕገ መንግሥት መሠረት በ2009 ዓ.ም. አካባቢ መከናወን ሲገባው ተደጋግሞ ተራዘመ፤ በሰኔ 2011 ዓ.ም. ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ ያራዘሙበትም አንዱ ምክንያት ከግጭቶቹ የተነሣ የጸጥታው ሁኔታ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዞኑ በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ገባ፣ ዲላም ከክልሉ ማዕከላት አንዷ ሆነች። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ደግሞ ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት መዘገበ፤ የተመዘገበው በሶንጎ የሚጠበቀው ጥብቅ ደን፣ ትክል ድንጋዩና ሰውን ለዘመናት የመገበው ያ የእንሰትና የቡና ጓሮ ነው። ትንበያዎች ግን አሁንም የሚሠሩት ከ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ተነሥቶ ነው። በዚያ ግንቦት ቆጣሪው ዕድሜውን «ዜሮ» ብሎ የመዘገበው የይርጋጨፌ ሕፃን በ2014 ዓ.ም. 15 ዓመት ሞልቶት ከተረጂዎቹ ዓምድ ወደ ረጂዎቹ ዓምድ ተሻግሯል፤ የአባቱን ጓሮ የትኛውን ክፍል እንደወረሰ የሚጠይቅ ቆጣሪ ግን እስካሁን ወደዚያ ቤት አልተመለሰም።